የቆዩ ክኒኖች፣ ትልቅ ሽያጭ፦ የሜርክ የልብ፣ የስኳርና የታይሮይድ መድኃኒቶች ገበያ እንዴት ይነበባል?

የጀርመኑ መድኃኒት አምራች ሜርክ በየሦስት ወሩ የሽያጭ ውጤቱን ያወጣል። በዚያ ሰሞን የሚወጡ ዜናዎችን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ግራ ይጋባል። አንዱ የልብ፣ የስኳርና የታይሮይድ መድኃኒቶቹ ሽያጭ አደገ ይላል። ሌላው ስለዚያው ሩብ ዓመት እያወራ ገቢው ቀነሰ ወይም ባለበት ቆመ ይላል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ወሬው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። “በሽታው ስለበዛ ነው” የሚል አለ። “ዋጋ ስለቆለሉ ነው” የሚል አለ። “ከአያቶቻችን ዘመን የመጣ ክኒን እንዴት እስካሁን ይህን ያህል ይሸጣል?” ብሎ የሚገረምም አለ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። የስኳር፣ የግፊት ወይም የታይሮይድ መድኃኒት በየቀኑ የሚውጥ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። እንዲህ ያለ የሽያጭ ቁጥር ስለ ሕክምና የሚነግረን ከምንገምተው ያነሰ ነው። ስለ ምንዛሪ፣ ስለ መንግሥት ግዥና ስለ ታማሚዎች እምነት ግን ብዙ ይነግረናል። ቁጥሩን በዚህ ዓይን ካላየነው በቀላሉ ወደተሳሳተ ድምዳሜ ይወስደናል።

መጀመሪያ ነገር፣ የቱ ሜርክ?

በዓለም ላይ ሜርክ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ መድኃኒት አምራቾች አሉ። አንዱ ከሌላው ጋር የባለቤትነት ግንኙነት የለውም። ዜናው ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱትም ለዚህ ነው።

የጀርመኑ ሜርክ መቀመጫው ዳርምሽታት ከተማ ነው። መነሻው በ1668 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሜርክ ቤተሰብ የገዛው አንድ ፋርማሲ ሲሆን እስካሁን ካሉት የዓለም መድኃኒት አምራቾች ሁሉ ቀደምቱ እሱ ነው። ዛሬም ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ድርሻ በቤተሰቡ እጅ ነው። የአሜሪካው ሜርክ በ1891 የዚሁ ድርጅት ቅርንጫፍ ሆኖ ተመሠረተ። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መንግሥት ወረሰው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው ቀሩ።

ስም ላይም ተስማምተው ገበያ ተከፋፍለዋል። የአሜሪካው ኩባንያ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ሲሠራ ኤምኤስዲ ይባላል። የጀርመኑ ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ የመድኃኒት ሥራውን ኢኤምዲ ሴሮኖ በሚል ስም ያካሂዳል። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለ ወገናችን “ሜርክ” ሲል ጃኑቪያ የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚሠራውን የአሜሪካ ኩባንያ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለው ደግሞ ግሉኮፋጅ የሚሠራውን የጀርመኑን ማለቱ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ጀርመኑ ነው።

ኩባንያው ሦስት ዘርፎች አሉት። የላቦራቶሪና የባዮቴክኖሎጂ ግብዓት አንዱ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆኑ ቁሶች ሁለተኛው ናቸው። መድኃኒት ሦስተኛው ነው። በ2024 አጠቃላይ ሽያጩ 21.2 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ የመድኃኒቱ ዘርፍ ወደ 8.5 ቢሊዮን ዩሮ አስገብቷል። በ2023 የነበረው 8.1 ቢሊዮን አካባቢ ነው። የልብ፣ የስኳርና የሆርሞን መድኃኒቶቹ ክፍል ከመድኃኒቱ ዘርፍ ሽያጭ ከሩብ በላይ ይይዛል። የካንሰርና የነርቭ መድኃኒቶች የዜናውን ትኩረት ሲወስዱ ይህ ክፍል ብዙም ሳይወራለት ገንዘብ ሲያስገባ ኖሯል።

ሦስቱ ክኒኖች

ኮንኮር የልብ መድኃኒት ነው። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ቢሶፕሮሎል ይባላል። ቤታ ብሎከር ከሚባሉት ወገን ነው፤ ማለትም አድሬናሊን በልብ ላይ የሚያሳድረውን ግፊት ይከላከላል፣ የልብ ምትን ያረጋጋል፣ የደም ግፊትንም ይቀንሳል። ሜርክ ራሱ ያገኘውና በ1980ዎቹ ገበያ ላይ ያዋለው ነው። ትልቁን ክብር ያገኘው በ1999 በታተመ ጥናት ነው። ከ2,600 በላይ የልብ ድካም ሕመምተኞች የተሳተፉበት ይህ ጥናት መድኃኒቱ የሞት መጠንን በ34 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ውጤቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ተቋረጠ። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪሞች ለደከመ ልብ ቤታ ብሎከር መስጠት ይፈሩ ነበር።

ግሉኮፋጅ የስኳር መድኃኒት ነው፤ ንጥረ ነገሩ ሜትፎርሚን ነው። ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፣ ሰውነትም ኢንሱሊንን በደንብ እንዲጠቀም ያግዛል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 በሰው ላይ ያለውን ውጤት ጽፎ አወጣ። አሜሪካ ፈቃድ የሰጠችው ግን በ1994 መጨረሻ ነው፤ አውሮፓ ለአሥርት ዓመታት ስትጠቀምበት ቆይታ ማለት ነው። በ1998 የወጣ ትልቅ የብሪታንያ ጥናት ክብደት በበዛባቸው የስኳር ሕመምተኞች ላይ የልብ ድካምና የሞት አደጋን እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ የዓለም ሐኪሞች የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ።

ዩቲሮክስ የታይሮይድ መድኃኒት ነው። ንጥረ ነገሩ ሌቮቲሮክሲን ይባላል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ በቂ ሆርሞን ማመንጨት ሲያቅተው ወይም በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ጉድለቱን ይተካል። መጠኑ የሚለካው በማይክሮግራም ነው። ጥቂት ቢበዛ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ጥቂት ቢያንስ ድካምና ብርድ ይመጣል። ይህ ባሕርይ ኋላ ላይ ለምናየው የፈረንሳይ ውዝግብ መነሻ ነው።

ሦስቱም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ንጥረ ነገሮቻቸው በፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለትም በፓተንት፣ አይጠበቁም። ማንም ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ሊሠራቸው ይችላል። እንዲህ ያለው ቅጂ ጄኔሪክ ይባላል። ሦስቱም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። አብዛኛው ሰው አንዴ ከጀመራቸው ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልኩን ይወስዳቸዋል።

የሽያጩ ጽናት ምንጭ ይኸው ነው። አንቲባዮቲክ የሚገዛ ሰው በሳምንት ይጨርሳል። የታይሮይድ ዕጢው የወጣ ሰው ግን በየቀኑ፣ በየወሩ፣ በየዓመቱ ገዢ ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2024 ከ20 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች መካከል 589 ሚሊዮኑ ከስኳር ጋር ይኖራሉ ብሎ ገምቷል። በ2050 ደግሞ 853 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ ይላል። ስለዚህ “በሽታው ስለበዛ ነው” የሚለው አስተያየት መሠረት አለው። ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም።

“አደገ” እና “ቀነሰ” በአንድ ቀን

ሜርክ ሽያጩን የሚዘግበው በዩሮ ነው። የሚሸጠው ግን በዩዋን፣ በሊራ፣ በፔሶ፣ በፓውንድ፣ በሪያል ነው። እነዚህ ሦስት መድኃኒቶች ደግሞ የአሜሪካ ገበያ ድርሻቸው አነስተኛ ነው። ዋናው ገበያቸው ቻይና፣ ላቲን አሜሪካ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ምሥራቅ አውሮፓና የመሳሰሉት ናቸው። ገንዘባቸው በየጊዜው የሚወዛወዝባቸው አገሮች ማለት ነው።

ኩባንያዎች “ኦርጋኒክ ዕድገት” የሚሉት ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። የምንዛሪ ለውጥ ባይኖርና ኩባንያው ምንም ነገር ባይገዛ ወይም ባይሸጥ ኖሮ ሽያጩ ስንት ይሆን ነበር የሚለውን የሚያሳይ ስሌት ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ ነው። ኩባንያው አንድ አገር ውስጥ አምና 100 ሚሊዮን በአገሩ ገንዘብ ሸጠ እንበል። ያኔ 10 የአገሩ ገንዘብ 1 ዩሮ ነበር። ስለዚህ 10 ሚሊዮን ዩሮ አስገባ። ዘንድሮ 130 ሚሊዮን ሸጠ። ገንዘቡ ግን ወድቆ 20 ለ1 ዩሮ ሆነ። አሁን የገባው 6.5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። በኦርጋኒክ ስሌት 30 በመቶ አደገ። በዩሮ ሲታይ 35 በመቶ ወደቀ። አንዱ ጋዜጠኛ የመጀመሪያውን ይጽፋል፣ ሌላው ሁለተኛውን።

የኩባንያው ሰዎች ኦርጋኒኩን ይመርጣሉ፤ የሥራቸውን ውጤት ያሳያል ይላሉ። ክርክሩ ትርጉም አለው፤ የሊራን መውደቅ የክኒን ሻጭ ሊያቆመው አይችልም። በሌላ በኩል ባለአክሲዮን ትርፉን የሚቀበለው በዩሮ ነው። ኦርጋኒክ ዕድገት ዳቦ አይገዛለትም።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ ነጥብ አለ። በምሳሌያችን ያ 30 በመቶ የመጣው ብዙ ክኒን ስለተሸጠ ነው ወይስ ዋጋ ስለተጨመረ? የዋጋ ንረት ባለበት አገር አምራቾች የገንዘቡን መውደቅ ለማካካስ ዋጋ ይጨምራሉ። ያኔ አንድም ተጨማሪ ሕመምተኛ ሳይታከም ሽያጩ “ያድጋል”። አርጀንቲናና ቱርክ የዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ናቸው። በሁለቱም አገሮች የዋጋ ንረቱ ከመጠን በላይ ስለሆነ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደንብ ልዩ አሠራር እስከመጠየቅ ደርሷል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ኩባንያው ሽያጭ ብሎ የሚመዘግበው ክኒኑ ለጅምላ ነጋዴ ሲደርስ እንጂ ሕመምተኛው ሲውጠው አይደለም። ጅምላ ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል ብሎ ቀድሞ ካከማቸ አንዱ ሩብ ዓመት ያብጣል፣ ቀጣዩ ይሟሽሻል። ስለዚህ የአንድ ሩብ ዓመት ቁጥር ይዞ ትልቅ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይመከርም። ቢያንስ የሁለት ዓመት ጉዞውን ማየት ይሻላል።

ቻይና፦ የአንድ ክኒን ዋጋ ከሁለት ሳንቲም በታች

የእነዚህን መድኃኒቶች ሽያጭ መረዳት የፈለገ ሰው ከሁሉም በላይ ማየት ያለበት ቻይናን ነው። የሕመምተኛው ብዛት ብቻ ሳይሆን መንግሥት መድኃኒት የሚገዛበት ስልት ገበያውን ገልብጦታል።

ቻይና በ2018 መጨረሻ በ11 ከተሞች አንድ ሙከራ ጀመረች። መንግሥት የሕዝብ ሆስፒታሎችን ፍላጎት አንድ ላይ ሰብስቦ ጨረታ ያወጣል። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ ድርጅት ያሸንፋል። አሸናፊው የሆስፒታሎቹ ግዥ አብዛኛው ድርሻ እንደሚደርሰው ዋስትና ያገኛል። የተሸነፈው ደግሞ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ይቀራል ማለት ይቻላል። በኋላ አሠራሩ ወደ አገር አቀፍ ደረጃ አደገ።

ሜትፎርሚን በ2020 ተራው ደረሰ። አንድ የቻይና አምራች ለአንድ ክኒን 0.015 ዩዋን አቀረበ። ከሁለት የቻይና ሳንቲም በታች ማለት ነው። የንግድ ስም ያለው የውጭ አምራች በዚህ ዋጋ መወዳደር አይችልም። ቢሶፕሮሎልም ወደዚሁ ጨረታ ገብቷል። ያኔ ብዙ ተንታኞች የግሉኮፋጅና የኮንኮር የቻይና ታሪክ እዚህ ላይ አበቃ ብለው ነበር።

አላበቃም። ጉዳት ደርሷል፤ የሆስፒታሉ ሽያጭ ተመታ። ግን ሜርክን ጨምሮ የውጭ አምራቾች ፊታቸውን ወደ ችርቻሮ ፋርማሲና ወደ ኢንተርኔት ሽያጭ አዞሩ። ከኪሱ ከፍሎ የለመደውን ስም የሚገዛ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው በቻይና በሚሊዮኖች ይቆጠራል። የሌቮቲሮክሲን ተጠቃሚዎችም እየበዙ ሄዱ፤ ምርመራ ሲስፋፋ ቀድሞ ሳይታወቅ የሚቀረው የታይሮይድ ችግር ይገኛል። ሜርክ ናንቶንግ በተባለ የቻይና ከተማ እነዚህኑ ሦስት መድኃኒቶች የሚያመርት ፋብሪካ አለው። ዕቃውን ከጀርመን እያጓጓዘ የሚሸጥ ተወዳዳሪ አይደለም ማለት ነው።

ጨረታው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ሁለት አስተያየቶች አሉ። ደጋፊዎቹ ቁጥሩን ያሳያሉ፦ የአገሪቱ የጤና መድን ብዙ ገንዘብ አትርፏል፣ ድሃው ገበሬ የስኳር መድኃኒቱን በሳንቲም ያገኛል። ተቺዎቹ ዋጋው ከመጠን በላይ ሲወርድ ጥራቱን ማን ያረጋግጣል ይላሉ። በ2025 መጀመሪያ ላይ የሻንጋይ ሐኪሞች አንዳንድ በጨረታ የተገዙ መድኃኒቶች ግፊት አይቀንሱም፣ ማደንዘዣውም አያደነዝዝም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ባለሥልጣናቱ ማስረጃ እንፈልግ ብለው ቡድን ላኩ፤ የተባለው በአመዛኙ በስሜትና በወሬ ላይ የቆመ ነው የሚል መልስም ሰጡ።

የእኔ ግምት ይህ ነው። ዋጋ ማውረዱ በራሱ ሕመምተኛን አይጎዳም፤ ሜትፎርሚን ለመሥራት ርካሽ ነው። የሚጎዳው ከጨረታው በኋላ የሚደረግ የጥራት ቁጥጥር ሲላላ ነው። ሕዝቡ ቁጥጥሩን ካላመነ ደግሞ ውድ የሆነውን ስም ከኪሱ ይገዛል። የሜርክ የቻይና ሽያጭ አንዱ ምሰሶ ይህ አለመተማመን ነው ቢባል የተጋነነ አይመስለኝም።

ስሙ ስንት ያወጣል?

ፓተንት የሌለው መድኃኒት በስሙ ብቻ ከጄኔሪኩ በላይ ዋጋ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ኢኮኖሚስቶች ይህን የስም ታማኝነት ይሉታል። ሐኪሙ በተማሪነቱ የለመደው ስም ነው። ሕመምተኛው ሳጥኑን በቀለሙ ያውቀዋል። አምራቹም አዳዲስ ቅርጾች ይጨምራል፦ ቀስ ብሎ የሚለቅ ግሉኮፋጅ፣ ቢሶፕሮሎልን ከሌላ የግፊት መድኃኒት ጋር ያጣመረ ኮንኮር። ጥቅም አላቸው። ቀስ ብሎ የሚለቀው ሜትፎርሚን ሆድ የሚያስቸግራቸውን ሰዎች ያግዛል። በበርካታ አገሮች ግሉኮፋጅ ገና ስኳር ላልያዛቸው፣ ግን በአፋፉ ላይ ላሉ ሰዎችም እንዲታዘዝ ተፈቅዷል። ይህም ገዢውን ያሰፋል።

ግን እምነት በሁለት በኩል የተሳለ ነገር ነው። ፈረንሳይ በ2017 ይህን በደንብ አየችው።

ዩቲሮክስ በፈረንሳይ ሌቮቲሮክስ በሚል ስም ይሸጣል። ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይወስዱት ነበር። የአገሪቱ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ክኒኑ እስከ መጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ ድረስ ይዘቱ ሳይቀንስ እንዲቆይ ፈለገ። ሜርክም ቀመሩን ቀየረ። ዋናው ንጥረ ነገር ሌቮቲሮክሲን አልተለወጠም። የተለወጠው ማጣበቂያውና መሙያው ነው፤ ላክቶስ ወጥቶ ማኒቶልና ሲትሪክ አሲድ ገቡ። አዲሱ ክኒን በመጋቢት 2017 ፋርማሲዎች ደረሰ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቅሬታው ጎረፈ። ድካም፣ ራስ ምታት፣ የፀጉር መነቃቀል፣ የጡንቻ ሕመም። ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች የጎንዮሽ ጉዳት አመለከቱ። ብዙዎቹ ክኒኑ መቀየሩን እንኳ በግልጽ አልተነገራቸውም ነበር። መንግሥት አሮጌውን ቀመር ከሌላ የአውሮፓ አገር እንዲገባ አደረገ፣ የሌሎች አምራቾች ምርቶችም ገበያውን ተቀላቀሉ። ሜርክ ለአሥርት ዓመታት ብቻውን ማለት ይቻላል ይዞት የቆየው ገበያ በአንዴ ተከፈተ። በ2020 የሊዮን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለውጡን ለሕመምተኞች በበቂ አላሳወቀም ብሎ ከ3,300 በላይ ለሚሆኑ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዩሮ እንዲከፍል ወሰነ።

ሳይንሱ ላይ ክርክሩ አሁንም አለ። ሁለቱ ቀመሮች በአማካይ እኩል እንደሚሠሩ በጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት አሳይቷል። ተቺዎቹ አማካዩ እኩል ቢሆንም እያንዳንዱ ሰው ላይ የሚኖረው ልዩነት ሰፊ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ግን አለ፤ መረጃው በጊዜው አልተሰጠም። ሕመምተኛ ዕድሜ ልኩን የሚወስደው ክኒን ሲቀየርበት ቀድሞ የማወቅ መብት አለው። ይህን ለማክበር ብዙ ወጪ አያስፈልግም ነበር።

አዲሶቹ መርፌዎች ሜትፎርሚንን ያስወጡታል?

ዛሬ የስኳርና የክብደት መድኃኒት ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ኦዜምፒክና ሙንጃሮ ስለሚባሉት መርፌዎች ነው። እነዚህ አንጀት የሚያመነጫቸውን ሆርሞኖች የሚመስሉ መድኃኒቶች ናቸው። ስኳር ይቀንሳሉ፣ የምግብ ፍላጎት ይገድባሉ፣ አንዳንዶቹ ልብንና ኩላሊትንም እንደሚጠብቁ ተረጋግጧል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም ከ2022 ጀምሮ ሜትፎርሚን ለሁሉም ሰው የግድ የመጀመሪያው መድኃኒት ይሁን የሚለውን መመሪያ አላልቷል። ሕክምናው እንደ ሕመምተኛው የልብና የኩላሊት ሁኔታ ይመረጥ ይላል።

ይህ ለግሉኮፋጅ ሥጋት ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ አዲሶቹ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ከሜትፎርሚን ጋር ተጨምረው እንጂ እሱን ተክተው አይደለም ይላሉ። እስካሁን ያለው ልምድ ለሁለተኛው ያደላል። ዋናው ምክንያት ዋጋ ነው። በአብዛኛው ዓለም የመርፌው የወር ወጪ ከሜትፎርሚን የዓመት ወጪ ይበልጣል።

ይህ ሚዛን ግን ሊቀየር ይችላል። የኦዜምፒክ ንጥረ ነገር የሆነው ሴማግሉታይድ ፓተንቱ በቻይናና በብራዚል በ2026 ያበቃል። ርካሽ ቅጂዎች ሲመጡ በእነዚህ አገሮች ሐኪሙ ከድሮው በተለየ ሁኔታ ምርጫ ይኖረዋል። ቻይናና ብራዚል ደግሞ የግሉኮፋጅ ዋና ገበያ የሆኑት አካባቢዎች ናቸው። ጫናው በአንድ ዓመት ውስጥ ይታያል ብዬ አልጠብቅም። በአምስት ዓመት ውስጥ ግን የዕድገቱን ፍጥነት ሊቀንሰው ይችላል። ኮንኮርና ዩቲሮክስ እንዲህ ያለ ተፎካካሪ የለባቸውም። በተለይ የጎደለ የታይሮይድ ሆርሞንን ከሆርሞኑ ከራሱ ሌላ የሚተካው ነገር የለም።

ኩባንያው ለምን ይንከባከባቸዋል?

ብዙ ትልልቅ አምራቾች የቆዩ መድኃኒቶቻቸውን ሸጠው ወይም ነጥለው ወጥተዋል። ሜርክ ይዟቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለእነዚህ ክኒኖች አዲስ የምርምር ወጪ ብዙም አያስፈልግም፤ የሚያስገቡት ገንዘብ ግን ለአዲስ ምርምር ይሆናል።

ምርምሩ ደግሞ በቅርብ ዓመታት አልቀናውም። በታኅሣሥ 2023 መልቲፕል ስክለሮሲስ ለተባለው የነርቭ በሽታ ተስፋ የተጣለበት ኤቮብሩቲኒብ በመጨረሻው ደረጃ ሙከራ ወደቀ። በሰኔ 2024 ለጭንቅላትና ለአንገት ካንሰር የታሰበው ዜቪናፓንትም ቀረ። ኩባንያው በ2025 ስፕሪንግወርክስ የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት በ3.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ክፍተቱን ለመሙላት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በየቀኑ የሚዋጡት ሦስቱ ክኒኖች መሬቱን ይዘው ያቆዩታል። ቤተሰባዊ ባለቤትነቱም ያግዛል፤ የቤተሰቡ ድርሻ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ብቻ አያስብም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

በኢትዮጵያ ፋርማሲዎች በብዛት የሚገኘው ሜትፎርሚን ጄኔሪክ ነው፤ በአብዛኛው ከህንድ የሚመጣ ወይም አገር ውስጥ የሚመረት። ስለዚህ የሜርክ ሽያጭ ማደግ ወይም መቀነስ የአዲስ አበባውን ወይም የጎንደሩን ሕመምተኛ በቀጥታ አይነካውም። ቁጥሩን የሚያንቀሳቅሱት ኃይሎች ግን እሱንም ይነኩታል።

ምንዛሪውን እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መድኃኒትም ሆነ የመድኃኒት ጥሬ ዕቃ የሚገባው በዶላር ነው። የትኛውም አስመጪ ሽያጩን በብር ቢቆጥር “አድጓል” ሊል ይችላል። የተዋጠው ክኒን ቁጥር ግን ላይጨምር፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ዋጋ ሲወደድበት መድኃኒቱን በአንዴ አያቆምም። ቀን እየዘለለ ይወስዳል፣ ግማሽ ይውጣል። ይህ በየትኛውም የሽያጭ ሪፖርት ላይ አይታይም። የሚታየው ከዓመታት በኋላ በኩላሊትና በዓይን ክፍል ነው።

የቻይናው የጅምላ ጨረታ ለእኛም ትምህርት አለው። በኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ለመንግሥት ጤና ተቋማት በጅምላ ይገዛል። የጅምላ ግዥ ዋጋ እንደሚያወርድ ጥርጥር የለውም። ፈተናው ሌላ ነው፦ የውጭ ምንዛሪ በሰዓቱ መገኘቱ፣ ክምችቱ አለመቋረጡ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጥራቱን በየጊዜው መፈተሹ። የጤና መድን ያለው ሰው መድኃኒቱን ከሆስፒታሉ ካጣ ከግል ፋርማሲ በሙሉ ዋጋ መግዛቱ አይቀርም። ያኔ ርካሹ ጨረታ ለእሱ ርካሽ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው የታይሮይዱ መድኃኒት ነው። ከሳዑዲ፣ ከኤምሬትስ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ዩቲሮክስ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። እሱ ሲያልቅ ሕመምተኛው አገር ውስጥ የተገኘውን ሌላ ስም ይወስዳል። ቀጣዩ መንገደኛ ሲመጣ ተመልሶ ይቀይራል። ለሜትፎርሚን እንዲህ ያለው መቀያየር ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም። ለሌቮቲሮክሲን ግን ሊያመጣ ይችላል፤ መጠኑ በጣም ጥቃቅን ነው፣ ክኒኑም ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን አይወድም። መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ የከረመ እሽግ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የተቀየረ ሰው ለሐኪሙ መንገር፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ማድረግ አለበት። የሚስማማው መጠን አንዴ ከታወቀ በኋላ የሚመከረው አንዱን ስም ይዞ መቆየት ነው፤ ያም ከውጭ የመጣው ሳይሆን ሳይቋረጥ ሊገኝ የሚችለው ቢሆን ይመረጣል።